የእትዬ ፋንታዬ በሞቴ

በዚህ ወር የማርያም ማኅበር ተራው የእኔ ነበር፤ ምግቡ ተረፈ። ቀይ ወጡ ተረፈ፣ አልጫውማ እንዳለ ድስቱ ውስጥ ቀረ ማለት ይቻላል። ሴቶቹ አንድ ጊዜ "ጠገብን" አሉኝ፣ እኔም አመንኳቸው። ክንዱን ዘርግቶ "በሞቴ!" የሚል ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም። እትዬ ፋንታዬ አዲስ አበባን ለቃ መሄዷ በደንብ የገባኝ ያን ቀን፣ የተረፈውን እንጀራ በላስቲክ ስጠቀልል ነው።

ሴት ልጇ ሀዋሳ ላይ ስትወልድ "አራሷን አስነስቼ እመለሳለሁ" ብላ ነበር የሄደችው። ሕፃኑ አሁን ዳዴ ይላል፣ አያቱ ግን አልተመለሰችም። የመገናኛ ሱቋን አከራይታ እዚያው ቀረች። አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች። መጀመሪያ የደወለች ቀን "ሀዋሳ እንዴት ነው?" ብላት፣ "ሰዉ ጥሩ ነው፣ ግን ቶሎ ይጠግባል" አለችኝ።

እትዬ ፋንታዬ አጭር ናት፤ ድምጿ ግን ከመገናኛ ኮተቤ ይሰማል። ሳፋ፣ ጆግ፣ ትሪና የፕላስቲክ ወንበር ትሸጥ ነበር። ቤቷ ከኮተቤ ወደ ላይ፣ የእንጦጦ ባህር ዛፍ ከሚጀምርበት ዳገት ሥር፣ ከእኛ ቤት እልፍ ብሎ ነው። እኔ መንገድ ዳር ባለች ትንሽ መድኃኒት ቤት ስለምሠራ የስኳር ኪኒኗን የምትወስደው ከእኔ ነበር። መጀመሪያ "እርስዎ" ብዬ ሳናግራት እጇን አወናጭፋ አስቆመችኝ።

"አንቱ ስትይኝ ስኳሬ ከፍ ይላል። አንቺ በይኝ!"

ለጤናዋ ስል አንቺ አልኳት። እናቴ "ባለጌ" እያለች እስከ ዛሬ ትቆጣኛለች።

በሞቴ የማይል ሐበሻ የለም። አብዛኞቻችን ግን የምንለው ለወጉ ነው፤ እንግዳው አጥብቆ እምቢ ካለ እንተዋለን። እትዬ ፋንታዬ የምሯን ነበር። ጉርሻውን ጠቅልላ አፍሽ ፊት ታቆመዋለች፣ ክንዷም አይዝልም። "በሞቴ ብያለሁ። እምቢ ካልሽ ገደልሽኝ ማለት ነው፤ ነገ መጥተሽ ፋንታዬ ፋንታዬ እያልሽ እንዳታለቅሺ!" ትላለች። ዓይኗን ሲያዩት ቀልድ የለበትም። ሰው ሁሉ ይሸነፍላት ነበር፤ ጨጓራው የሚያመው ሳይቀር።

የሚያናድደው እሷን መልሶ ማስገደድ አለመቻሉ ነው። ስኳር ከያዛት ወዲህ ማንም ጉርሻ ቢዘረጋላት እጇን ደረቷ ላይ ታደርግና በትሕትና "ስኳሬ" ትላለች። አለቀ። ያለመከሰስ መብት እንዳለው ባለሥልጣን ማንም አይነካትም። እሷ ታጎርሳለች፣ ማንም አያጎርሳትም።

ሐኪም "በእግርሽ ተንቀሳቀሺ" ስላላት ጠዋት ጠዋት አብረን የእንጦጦን ዳገት እንወጣ ነበር። መውጣት ካሉት ነው፤ ካገኘችው ሰው ሁሉ ጋር ቆማ የልጅ የልጅ ልጁን ደህንነት ስለምትጠይቅ ብዙ አንርቅም። በዚያ ሰዓት ሯጮች ልምምድ ያደርጋሉ። አንድ ቀን አንዱ ቀጭን ልጅ ላብ በላብ ሆኖ በአጠገባችን ሲያልፍ እትዬ ፋንታዬ ከኪሷ ቆሎ አወጣች።

"ልጄ፣ ቁም እስቲ! ይቺን ቅመስ!"

"እማማ፣ ልምምድ ላይ ነኝ!"

"በሞቴ!"

ልጁ ጥቂት ሮጠ። ከዚያ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከዚያ ዞሮ ተመለሰ። እፍኝ ቆሎውን ተቀብሎ እያኘከ ሲሮጥ አሰልጣኙ ከላይ ሆኖ የሚጮኸው ጩኸት ጫካውን አናወጠው። እትዬ ፋንታዬ አልገረማትም፤ "እናት አሳድጋዋለች" አለችና መንገዷን ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ ሯጮቹ እሷን ከሩቅ ካዩ በሌላኛው መንገድ ይታጠፋሉ።

በዚያው ዳገት ላይ ነው አንድ ቀን ስለ እህቷ ስለ ዘነበች የነገረችኝ። ታላቋ ነበረች፣ ያሳደገቻትም እሷ ናት። በማህፀን በር ካንሰር ሞተች።

"እስክትመረመር ድረስ ደህና ነበረች እኮ ሰላሜ። ተመረመረች፣ ሞተች።"

ምርመራው እንዳልገደላት፣ ደም መፍሰስ ከጀመረ በኋላ ዘግይታ በመሄዷ እንደሆነ፣ በሽታው ምንም ሳያሳምም ለዓመታት ስለሚቆይ ቀድሞ ማየት የሚሻለው ለዚህ እንደሆነ አስረዳኋት። እትዬ ፋንታዬ ያን ጊዜ ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት ነበረች፣ አንድም ቀን ተመርምራ አታውቅም ነበር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ለስኳሯ በሄደች ቁጥር ትጠይቃታለች፣ እሷም በሄደች ቁጥር ወሬ ትለውጥ ነበር። እኔንም ሰማችኝና "አንቺ ስትከራከሪ ጉንጭሽ ይቀላል" ብላ ቆሎ ሰጠችኝ። እኔ ግን ያን ቀን ፍርሃት ያዘኝ። እሷ እህቷን እንዳጣች እኔም እሷን ባጣስ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንድትመረመር መወትወት ሥራዬ ሆነ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ክረምት ላይ ሱቋ ቁጭ ብላ በስልኳ ቪዲዮ ታያለች። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው፣ ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒት በማህፀን በር ካንሰር ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ተመራማሪዎች እያጠኑ መሆኑን ይናገራል። ተስፋ ሰጪ ነገር ታይቷል ይላል። "ነገር ግን" ብሎ ሊቀጥል ሲል ሳፋ የሚገዛ ሰው መጣ። እትዬ ፋንታዬ ስልኩን ዘጋች፣ ሳፋውን ሸጠች፣ "ነገር ግን" ካለ በኋላ ያለውን ሳትሰማው ቀረች።

ማታውኑ መድኃኒት ቤት መጣች፤ ገና ከበሩ "ሰላሜ! ለካ ስኳር የያዘኝ ለበጎ ነው!" ትላለች።

የቀረውን ግማሽ እኔ ነገርኳት። ጥናቱ እውነት አለ፤ ግን ብዙው ገና ላብራቶሪ ውስጥ ነው፣ በሰው ላይ የታየውም አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ እየሆነ አልተቋጨም። ኪኒኑ ለስኳር ነው፣ ምርመራን አይተካም።

"ተስፋ ሰጪ ብለዋል ወይስ አላሉም?"

"ብለዋል፣ ግን..."

"በቃ! ከእንግዲህ ተመርመሪ እንዳትይኝ። እኔ ጠዋት ማታ እየዋጥኩት ነው።"

ፊቷ እንዲያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። ያንን ሁሉ ዘመን ስትሸሸው ከኖረችው ነገር ማምለጫ በር አገኘች፤ በሩን የከፈተላት ደግሞ ሳይንስ ነው። እኔ ምን ልበል?

በዚያ ወር ማኅበሩ ወይዘሮ አልማዝ ቤት ነበር። አልማዝ በሙያዋ የምትኮራ፣ የሚያምርባትም ሴት ናት። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ አልሄድኩም። በማግስቱ ጠዋት መድኃኒት ቤቱን ስከፍት አንዷ የማኅበራችን ሴት ሆዷን ይዛ ቆማለች። ትንሽ ቆይቶ ሌላዋ መጣች። ከሰዓት በኋላ ሦስተኛዋ።

"ምን በልተሽ ነው?"

"ትናንት አልማዝ ቤት ነበርን።"

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈሩን አዳረሰ። የአልማዝ ቅቤ የሰነበተ ነው ተባለ። ሥጋው ከየት እንደተገዛ የሚጠይቅ መጣ። በሦስተኛው ቀን አልማዝ ራሷ ዓይኗ ቀልቶ መጣች።

"እኔ ቤት የበላ ሰው ታሞ ያውቃል? ከሁሉም የበላሁት እኔ ነኝ፣ እኔን ለምን አላመመኝም? ስሜን አጠፉት እኮ ሰላም!"

እሷን እያጽናናሁ ሳለ የመጀመሪያዋ ታማሚ ተመልሳ መጣች፣ አሁንም አልተሻላትም። ስልኳን ፍለጋ ቦርሳዋን ስትበረብር በሶፍት የተጠቀለለ ነገር ወደቀ። አነሳሁት። ነጭ ኪኒን ነው፤ እኔ ራሴ በየወሩ የምሰጠውን የስኳር ኪኒን አላውቀውም እንዴ?

"ይሄን ማን ሰጠሽ?"

"እትዬ ፋንታዬ ናት። ካንሰር ይከለክላል፣ በየቀኑ ዋጡ ብላ ለሁላችንም አደለችን። እኔ እንኳ አልፈልግም ብዬ ነበር፤ በሞቴ አለችኝ።"

አልማዝ ያን ጊዜ ወጥ ለመጨመር ጓዳ ነበረች፤ ለዚህ ነው ያልደረሳት። ሜትፎርሚን ደግሞ ያልለመደውን ሆድ እንዲህ ማተራመስ ያውቅበታል። አልማዝ ኪኒኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በዚያ አረማመድ ወዴት እንደምትሄድ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ባልደረባዬን መድኃኒት ቤቱን አደራ ብዬ ቀድሜያት ታክሲ ተሳፈርኩ።

እትዬ ፋንታዬ ሱቋ ውስጥ ወንበሮቿ መሃል ተቀምጣ ከትልቅ የውሃ ኮዳ ትጠጣለች። ከንፈሯ ደርቋል።

"ሙቀቱ ገደለኝ" አለችኝ።

ሐምሌ ነው፤ ውጭ ዝናቡ ይወርዳል።

"ኪኒንሽን መዋጥ ካቆምሽ ስንት ቀን ሆነሽ?"

የኮዳዋን ክዳን ታጠብቅ ጀመር። ለእነሱ አድላ ለራሷ አልተረፋትም ነበር። ተጨማሪ ብትጠይቀኝ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንደማልሰጣት ስለምታውቅ ደፍራ አልመጣችም።

"ታዲያ ለብቻዬ ድኜ እናንተን ልቅበር?" አለችኝ በመጨረሻ። "ዘነበችን ቀብሬያለሁ። ይበቃኛል።"

በአንድ ጊዜ ልቆጣትም ላቅፋትም ፈለግሁ። ከሴቶቹ መካከል ኩላሊቷን የሚያማት ብትኖርስ? ሌላ መድኃኒት የምትወስድ ብትኖርስ? ይህን ስላት ደነገጠች፤ እዚያ ድረስ አላሰበችውም።

"ጎዳኋቸው?"

"ሆዳቸው ይሻለዋል። የአልማዝ ስም ነው የሚያስቸግረው።"

ስለ አልማዝ አልሰማችም ነበር። ስነግራት ኮዳውን አስቀምጣ ተነሳች፣ "በስመ አብ" እያለች ጃንጥላዋን ፈለገች፤ ጃንጥላው ሳይገኝ አልማዝ በሩ ላይ ቆመች። ያን ቀን የተባባሉትን አልጽፈውም። መንገደኛው ሁሉ ሳፋ የሚገዛ መስሎ ቆሞ ሰምቷቸዋል። እኔ እትዬ ፋንታዬን ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፣ ስኳሯን አስለካን፣ መድኃኒቷንም እንደገና ጀመረች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ሁሉ አልማዝ ቤት ተሰበሰበ። እትዬ ፋንታዬ በሁሉም ፊት "ቅቤው ንጹሕ ነው፣ ያሳመምኳችሁ እኔ ነኝ" ብላ ተናገረች። የአልማዝ እግር ላይ ልትወድቅ ስትል አልማዝ ይዛ አስነሳቻት።

"ይቅር ብዬሻለሁ፤ ግን ካሳ አለብሽ።"

"የጠየቅሽኝን።"

አልማዝ ከመሶቡ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች። የእትዬ ፋንታዬ እጅ ወዲያው ደረቷ ላይ ወጣ፤ "ስኳሬ" አለች።

አልማዝ ጉርሻውን ራሷ ጎረሰችው። ተረጋግታ አኝካ ዋጠችና "እሱ ለእኔ ነው" አለች። "ካሳው ሌላ ነው። የማህፀን በር ምርመራ ትመረመሪያለሽ።"

"አልማዜ፣ ኪኒኑ እኮ..."

"በሞቴ።"

እትዬ ፋንታዬ ልትስቅ ሞከረች፤ የሳቀላት አልነበረም። ከአልማዝ ቀጥሎ የተቀመጠችው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሆዷን ይዛ የከረመችው ሴት "በእኔም ሞት" አለች። ከዚያ ቀጣይዋ። በሞቴው እንደ ጽዋ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ እኔ ጋ ደረሰ። እኔም "በሞቴ፣ እትዬ" አልኩ፤ የምሬን ነበር።

እትዬ ፋንታዬ ክቡን ዞር ዞር ብላ አየችው። "እንዴ! ማኅበሩን በሙሉ ልቅበር ነው?" አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እፎይ ልል ስል ወደ እኔ ዞረች።

"ለመሆኑ አንቺ ተመርምረሻል?"

ምርመራው የሚጀመርበትን ሠላሳ ዓመት ካለፍኩ ጥቂት ጊዜ ሆኖኝ ነበር፣ ሌላውን ስመክር የራሴን ነገ ዛሬ እያልኩ ነበር። ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

"በሞቴ" አለች እትዬ ፋንታዬ፣ ጣፋጭ ነገር እንደቀመሰ ሰው።

እንዲህ ሆነን በቀጣዩ ሳምንት አንድ ሚኒባስ ሞልተን ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ዕድሜያቸው ከምርመራው ያለፈ ሁለት እናቶችም ለአጀብ መጥተዋል። ሁላችንም ነጠላ ለብሰን ያየን ረዳት ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ለቅሶ ነው?" አለን።

"ለቅሶ እንዳይኖር ነው፣ ልጄ" አለችው እትዬ ፋንታዬ። ከዚያ እስክንደርስ እጄን አልለቀቀችም።

ነርሷ ወጣት ናት፣ ፈገግታዋ ሰው ያረጋጋል። የምትቀባው ፈሳሽ ከአቼቶ የሚዛመድ መሆኑን፣ ጤነኛ ያልሆነ ቦታ ካለ ነጣ ብሎ እንደሚታይ አስረዳችን። እትዬ ፋንታዬ ጆሮዋን አላመነችም፤ "ሰላጣ ላይ የምናደርገው አቼቶ? ይሄን ሁሉ ዘመን የሸሸሁት አቼቶ ነው?"

እኔ ቀድሜ ገባሁ፤ ኔጋቲቭ ተባልኩ። አልማዝም ኔጋቲቭ። እትዬ ፋንታዬ ገብታ ቆየች። ነርሷ ብቅ ብላ "ሰላም የምትባለው ማናት? ትፈልግሻለች" ስትል ቦርሳዬን ለአልማዝ ሰጥቼ ገባሁ።

ነጭ ቦታ ታይቷል። ነርሷ ቀስ ብላ ነገረችን፤ ካንሰር አይደለም፣ ዝም ከተባለ ግን ከዓመታት በኋላ ወደዚያ ሊሄድ የሚችል ነው። እዚያው፣ አሁኑኑ፣ ቦታውን በሙቀት ማከም ይቻላል።

"የስኳር ኪኒኔስ? ይሄን ለምን አልከለከለም?" አለች እትዬ ፋንታዬ፣ እንደተከዳ ሰው።

"ገና እየተጠና ነው፣ እናቴ። አንድ ቀን የሚረዳ ሆኖ ይገኝ ይሆናል። ለዛሬ ግን እሱን ለስኳርዎ ይዋጡ፤ ይሄኛውን እኛ እናክመዋለን።"

እጄን ይዛ ታከመች። ካሰብነው በላይ አጭር ነበር። ነርሷ የጥንቃቄ ምክር ስትሰጥ "ለጥቂት ሳምንታት ከባልዎ ጋር መገናኘት የለም" ብትላት፣ እትዬ ፋንታዬ "እሱስ ራሱ ርቋል፣ ከሞተ ቆየ" አለች፤ ነርሷ በሳቅ ምክሩን አቋረጠች።

ወጥተን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሴቶቹ በሩቁ ቆመው ያዩናል። እትዬ ፋንታዬ ነጠላዋን ጭኗ ላይ እያጣጠፈች "ይሄው ብቻ ነው?" አለችኝ።

"ይሄው ነው። ከዓመት በኋላ ተመልሰሽ ትታያለሽ።"

"ዘነበችም በጊዜ መጥታ ቢሆን... ይሄው ብቻ ነበር?"

ትከሻዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እህቷ ከሞተች ጀምሮ ያልወጣላት ለቅሶ ይመስለኛል። እኔም አለቀስኩ፣ አልማዝም መጥታ ተቀመጠችና አለቀሰች። ሲወጣላት እትዬ ፋንታዬ አፍንጫዋን ጠራርጋ ተነሳች፣ በወረፋ የተቀመጡትን የማታውቃቸውን ሴቶች በዓይኗ ቃኘች።

"እናንተስ? ለምንድነው የመጣችሁት? ለጉንፋን? እዚህ ክፍል ገብታችሁ ታውቃላችሁ? በሞቴ!"

ነርሷ ያን ቀን ምሳ የበላች አይመስለኝም።

በዓመቱ ተመልሳ ታየች፤ ንጹሕ ነበር። እልልታዋን የካርድ ክፍሉም ሰማው። ከዚያ ወዲህ ሱቋ የምትመጣ ሴት ሳፋ ገዝታ ብቻ አትሄድም ነበር፤ ባሎችም "ለሚስትህ ንገራት፣ በሞቴ" ይባላሉ። ስለ ኪኒኑ ሲጠይቋት "እሱ ለስኳር ነው፤ የቀረውን እያጠኑት ነው፣ ሲጨርሱ ይነግሩናል" ትላለች።

እንግዲህ በዚህ ወር እኔ ቤት ምግቡ ተርፎ፣ ሴቶቹ ሊነሱ ሲሉ ስልኬ ጮኸ። ከሀዋሳ ነው። ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ መሶቡ አጠገብ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ የጠየቀችው ምግብ መትረፉን ነው። ቀጥሎ "አዲስ የገባ ሰው አለ?" አለች።

ትዕግሥት ነበረች። አስተማሪ ናት፣ ሰፈራችን ከገባች ገና ወራት ናቸው፣ እትዬ ፋንታዬን አይታት አታውቅም። በትሕትና ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ "ጤና ይስጥልኝ፣ እኔ ነኝ" አለች።

"ዕድሜሽ ስንት ነው፣ የኔ እናት?"

ትዕግሥት ተገርማ አየችኝ። "ሠላሳ አራት።"

"ተመርምረሻል?"

የምን ምርመራ እንደሆነ አልማዝ በሹክሹክታ ነገረቻት። ትዕግሥት ፊቷ ቀላ። "ኧረ እኔ ደህና ነኝ፣ ምንም የሚያመኝ ነገር የለም።"

"እኔም ምንም አያመኝም ነበር" አለች እትዬ ፋንታዬ። ሕፃኑ ከኋላዋ ሲጮህ ይሰማል። "በሞቴ!"

ትዕግሥት መልስ ሳትሰጥ ኔትወርኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አልሠራ አለ። ሴቶቹ ሳቁ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ወደየቤታቸው ሄዱ።

ከትናንት በስቲያ ትዕግሥት ቦርሳዋን አንግታ መድኃኒት ቤት ገባች። የራስ ምታት ኪኒን የምትፈልግ መስሎኝ ነበር።

"ጤና ጣቢያው በየት በኩል ነው?" አለችኝ።

"ምነው፣ አመመሽ እንዴ?"

"አላመመኝም" አለች፣ እየሳቀችም እየተናደደችም። "ታዲያ ምን ላድርግ? አይቻት የማላውቃትን ሴትዮ ልግደላት?"